የሰላሁን አምስት ድንጋዮች

(ልደታ፣ አብነት ሰፈር። ግንቦት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ሰላሁንና ባጫ በደባልነት የሚኖሩባት አንዲት ክፍል። በሩ አጠገብ ካሜራ የተገጠመለት ማይክሮስኮፕ፣ መስኮቱ ሥር ላፕቶፕ፣ በመሀላቸው ረጅም ገመድ። ሰላሁን አንድ የድንጋይ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሙከራ የተቀጠረ ነው። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት የአምስት ድንጋዮችን ማንነት ጽፎ ለአለቃው ካልላከ፣ ሙከራው ሙከራ ሆኖ ይቀራል። በጭንቀት ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ምላሱ ግን አልጾመም። ባጫ የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋል። ዛሬ ሥራ የለውም፤ ልቡ ያለው ጎረቤቶች ለልደታ ንፍሮ የጣዱበት ግቢ ውስጥ ነው።)

ሰላሁን፦ በጣትህ አትንካው አልኩህ እኮ!

ባጫ፦ ታጥቤያለሁ አልኩህ እኮ!

ሰላሁን፦ ብትታጠብም ጣትህ ቅባት አለው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ድንጋይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። በወረንጦ ያዝ!

ባጫ፦ ይሄን ያህል ከሳሳ ድንጋይ መባሉ ለምን አልቀረለትም?

ሰላሁን፦ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት አንተን አይተው ነው።

ባጫ፦ (ጎንበስ ብሎ በማይክሮስኮፑ ቱቦ ሊያይ ይሞክራል) አንተስ ለምን በዚች አጮልቀህ አታየውም?

ሰላሁን፦ በዓይን ማየት ድሮ ቀረ! አሁን ዲጂታል ነው። ካሜራው ያነሳል፣ ኮምፒውተሩ ይለካል፣ እኔ እፈርዳለሁ።

ባጫ፦ ድንጋዩስ?

ሰላሁን፦ ድንጋዩ ዝም ይላል። አንተም እንደሱ ሁን። አንደኛውን አስገባ!

(ባጫ ያስገባል። ስክሪኑ በሮዝ፣ በነጭና በጥቁር ፍሬ ይሞላል፤ ከጥግ እስከ ጥግ አንዲት ስንጥቅ ተጋድማለች።)

ሰላሁን፦ እሰይ! ግራናይት! ኮምፒውተሩም ግራናይት ብሏል። ጻፍኩ።

ባጫ፦ ሲያምር! ልክ የእትዬ እንዳለችን ንፍሮ ይመስላል። ይሄ ስንዴው፣ ይሄ ሽምብራው…

ሰላሁን፦ ሆድህን ከሳይንስ አውጣ!

(የእትዬ እንዳለች ድምፅ ከግቢ ይሰማል፦ «ባጫዬ! ያቺን ኤክስቴንሽን አቀብለኝ እስቲ፤ የስቶቯ ገመድ አልደርስ አለኝ!»)

ባጫ፦ ሰላሁን፣ እትዬ እንዳለች ኤክስቴንሽኑን…

ሰላሁን፦ የመንደር ጣጣ አታምጣብኝ! የፈለጉትን ስጥና ገላግለኝ!

ባጫ፦ የፈለጉትን?

ሰላሁን፦ የፈለጉትን!

(ባጫ ትከሻውን ሰብቆ ማይክሮስኮፑ የተሰካበትን ኤክስቴንሽን ከግድግዳ ይነቅልና በበሩ ያቀብላል። የማይክሮስኮፑ መብራት ድርግም ይላል። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፤ ስክሪኑም የመጨረሻዋን ሥዕል እንደያዘ ይቀራል። ሰላሁን ለማይክሮስኮፑ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ዞሮ ማየት የተላላኪ ሥራ ነው ብሎ ያምናል።)

ባጫ፦ ሰላሁን፣ ማሽኑ እኮ…

ሰላሁን፦ ሁለተኛውን!

ባጫ፦ አይ፣ ማሽኑ…

ሰላሁን፦ ስለ ማሽን ለእኔ? አንተ የምታውቀው ማሽን በእግር የሚረገጠውን ነው! አስገባ!

ባጫ፦ (ይቀይራል) እሺ፣ ገባ። ያው ነው።

ሰላሁን፦ ምኑ?

ባጫ፦ ሥዕሉ። ያው ንፍሮው ነው።

ሰላሁን፦ ላልተማረ ዓይን! ቆይ፣ ቀለሙን ትንሽ ላስተካክለው… ይኸው፣ ጠቆረ! ባዛልት!

ባጫ፦ ያጠቆርከው አንተ ነህ እኮ።

ሰላሁን፦ አላጠቆርኩትም። የደበቀውን ጥቁረት አወጣሁበት። ሦስተኛ!

ባጫ፦ ገባ። ያው ነው። ያቺ ስንጥቅም ተከትላን መጥታለች።

ሰላሁን፦ ስንጥቅ የሌለው ድንጋይ የት አይተህ ታውቃለህ? ይሄን ደግሞ ላንጣው… እምነ በረድ!

ባጫ፦ ጀለሴ፣ ሮዙን የት አደረስከው?

ሰላሁን፦ አጠፋሁት።

ባጫ፦ በበረኪና?

ሰላሁን፦ በዕውቀት! አራተኛ!

ባጫ፦ ገባ። ያው… ቆይ፣ ይሄ ቀይ ጽሑፍ ምንድን ነው የሚለው?

ሰላሁን፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) «ግራናይት፤ ከአንደኛው ጋር አንድ ነው» ይላል። ተሳስቷል።

ባጫ፦ ኮምፒውተሩ ይለካል አላልክም?

ሰላሁን፦ እኔ እፈርዳለሁ አላልኩም? የአሸዋ ድንጋይ ነው!

ባጫ፦ እሱም ያው ነው እያለህ…

ሰላሁን፦ (ድምፁ ይሰበራል) ባጫ፣ ስማኝ። አምስት ድንጋይ ሰጥተውኝ አምስት ጊዜ ግራናይት ብዬ ብልክ ምን ይሉኛል? ሰነፍ! ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ነቀምቴ ነው የምመለሰው። አባቴ ደግሞ በር ላይ ቆሞ «አላልኩህም ነበር?» ሊለኝ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀኝ። ያን ቃል ከምሰማ ድንጋዩን ብበላው ይሻለኛል።

ባጫ፦ (አንጀቱን በልቶት) እንደሱ ከሆነማ አንዴ ዞር በልና ማሽኑን እየው።

ሰላሁን፦ አልዞርም! አምስተኛ!

ባጫ፦ ገባ። ያው ነው።

ሰላሁን፦ የኖራ ድንጋይ! ጨረስኩ! አምስት ድንጋይ፣ አምስት ስም! (ሥዕሎቹንና ጽሑፉን ይልካል። እጁን አመሳቅሎ ደረቱን ይነፋል።) አየህ ባጫ፣ ማየትና መመልከት ይለያያሉ።

(ስልኩ ይጮኻል። ሰላሁን አለቃው የምታየው ይመስል ብድግ ብሎ ኮሌታውን ያስተካክላል።)

ሰላሁን፦ አቤት ወይዘሮ ወይንሀረግ!… ደረሰዎት?… ሥዕሎቹ ጥሩ ናቸው? እግዜር ይስጥልኝ!… እንዴት?… አምስቱም?… ከአንድ ድንጋይ?… እንደ ዳቦ ቆራርሰው?… ለፈተና!… አዎ፣ ስንጥቋንማ አይቻታለሁ… ባዛልት ያልኩት?… (ላቡን ይጠርጋል) ጥፋቱ የእኔ አይደለም! አብሮኝ የሚኖረው ሰው ነው የረበሸኝ! አንድ መስታወት በገባ ቁጥር «ያው ነው፣ ያው ነው» እያለ… አዎ፣ በሁሉም… ማን፣ እሱ? ኧረ እሱ የመኪና ወንበር ነው የሚሰፋው!… እሺ… ነገ ጠዋት… ይዤው እመጣለሁ። (ስልኩን ዘግቶ አልጋው ላይ ዘፍ ይላል።)

ባጫ፦ ከሰስከኝ አይደል?

ሰላሁን፦ ከስሼህ ነበር። ሹመት ሆነልህ።

ባጫ፦ የምን ሹመት?

ሰላሁን፦ አምስቱም አንድ ግራናይት ናቸው። «እንደዚህ የማይታለል ዓይን ስፈልግ ኖሬያለሁ» ብለዋል። የእኔ ሙከራ ተራዝሟል፤ አንተ ሥር ሆኜ ማየት እንድማር።

ባጫ፦ እኔ ምን አይቼ ነው የማስተምርህ? ማሽኑ እኮ ከሁለተኛው ጀምሮ ጠፍቷል። ኤክስቴንሽኑ ንፍሮ እየቀቀለ ነው። ልነግርህ ስል መቼ አስወራኸኝ?

(ሰላሁን በመጨረሻ ወደ ማይክሮስኮፑ ይዞራል። የጨለመውን ማይክሮስኮፕ፣ ባዶውን ሶኬት፣ ከዚያም ባጫን ያያል። ከግቢ «ንፍሮው በስሏል!» የሚል ድምፅ ይመጣል።)

ሰላሁን፦ ባጫዬ… ወንድሜ… ይሄን ለማንም እንዳትናገር። ነገ የድንጋዮቹን ሳጥን እኔው እሸከምልሃለሁ።

ባጫ፦ (ወደ ንፍሮው እየወጣ) መሸከሙን ተሸከም። መስታወቶቹን ግን በወረንጦ ያዝ፤ ጣትህ አልቦታል።