ሴንሰሯን ዳንቴል ያለበስኳት ዕለት

ዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ «ተባረኪ» ብያት እገባ ነበር!

ቆይ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ላስረዳ።

የምሠራው እዚሁ ሆሳዕና፣ ዱቄት ፋብሪካ ነው፤ ከረጢት ማሸጊያው ጋ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የጃፓኖቹን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ፣ ካይዘንን ግን ጠይቁኝ! አምስቱን «ማ»ዎች በእንቅልፌም እጠራቸዋለሁ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። መጥረጊያችን ሳይቀር ግድግዳው ላይ የራሱ ቦታ አለው። የቡድናችን መሪም እኔ ነኝ። መኩራራቴ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው።

አሁን ደግሞ ፋብሪካው ስማርት ሊሆን ነው ተባለ።

ስማርት የሚያደርገው ማን መሰላችሁ?

ልጄ! ምሕረት!

የእኔ ምሕረት ኢንጂነር ናት። ለሙከራ በኮንትራት ገብታ ከረጢት በሚያጓጉዘው ኮንቬየር ጎን ሴንሰር ተከለች። አውራ ጣት የምታክል፣ ጥቁር፣ ባለ አንድ ዓይን። ከረጢት ባለፈ ቁጥር ትቆጥራለች፤ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ይወጣል። መስመሩ ሲቆም ስክሪኑ ቀይ ይሆናል።

እኛ የካይዘን ሴቶች መጀመሪያ አኩርፈን ነበር። «ሊሰልሉን ነው» ያለችም ነበረች። ምሕረት ሰብስባን «ስክሪኑ መስመሩ መቼና የት እንደቆመ ይነግረናል። ለምን እንደቆመ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። አንዱ ያለ ሌላው አይረባም» አለች።

እንባዬ መጣ። ዱቄት ገብቶብኝም ሊሆን ይችላል።

ፋብሪካ ውስጥ «እማ» አትለኝም፤ «ወይዘሮ ድንቅነሽ» ነው የምትለኝ። እኔም «ኢንጂነር» እላታለሁ። ቤት ስንገባ ግን ካልሲዋን ከመሬት እንድታነሳ እነግራታለሁ።

ዛሬ ባለቤቶቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ሥራዋን የሚያዩበት ቀን ነበር። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ነስሩ ቁርጡን ነግረውናል፦ ከወደዱት ሴንሰሩ በመላው ፋብሪካ ይገጠማል፣ ምሕረትም ቋሚ ትሆናለች። ካልወደዱት ይነቀላል፣ የእሷም ኮንትራት በዚያው ያበቃል።

እናት ሆናችሁ ይህን ብትሰሙ ቁርስ ይወርድላችኋል?

በጠዋት ገባሁ። ምሕረት «ዋናው ጠላቷ አቧራ ነው» ስትል ሰምቻለሁ። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ እኮ ነው! በቀን ሦስት አራት ጊዜ መስመሩን ለአፍታ አስቁሜ ዓይኗን በለስላሳ ጨርቅ የምጠርግላት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ጠርጌ ዞር ከማለቴ መልሳ ነጣች።

እና…

ዳንቴል አለበስኳት።

አዎ። በእጄ የሠራሁትን፣ ነጭ፣ ዳር ዳሩን ቢጫ ዘርፍ ያለው። እናንተ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል የለውም? ፍሪጁስ? ውድ ዕቃ አቧራ ሲለብስ ዝም ብላ የምታይ እናት ካለች ትንገረኝ!

ደግሞ አስቤበታለሁ። ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይጠራ የለ? ይቺም ከውስጥ ሆና ትቁጠር አልኩ።

እንግዶቹ ገቡ። ምሕረት ስክሪኑ ፊት አቁማቸው ማስረዳት ጀመረች። እነሱ ከቆሙበት ሴንሰሯ አትታይም። የልጄ ድምፅ አልተንቀጠቀጠም።

«አሁን መስመሩን እናቁምና ስክሪኑ ቀይ ሲሆን ታያላችሁ» አለች።

መስመሩ ቆመ።

ቁጥሩ ግን አልቆመም!

ኋላ ነው የገባኝ። የጣሪያው ማራገቢያ የዳንቴሉን ዘርፍ ዓይኗ ላይ ያወዛውዘዋል፤ ዘርፉ በተወዛወዘ ቁጥር «ከረጢት አለፈ» ትላለች። ከረጢት፣ ከረጢት፣ ከረጢት!

ከእንግዶቹ መነጽር ያደረጉት ሴትዮ ስክሪኑን አዩ፤ ባዶውን ኮንቬየር አዩ። «አቶ ነስሩ፣ እዚህ ያለ ስንዴ ነው እንዴ የሚመረተው? እንዲህማ ከሆነ በጣም ስማርት ነው!»

እንግዶቹ ሳቁ። አቶ ነስሩ ላባቸውን ጠረጉ።

ምሕረት ሮጣ ሄዳ ሴንሰሯን አየች። ከዚያ ያ ሁሉ «ወይዘሮ ድንቅነሽ» ቀረና፦

«እማ!!»

ፋብሪካው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ ያለችው ጓደኛዬ ታደለች ደግሞ ዝም አትልም፤ «አንቺ፣ ሙሽራ አስመሰልሻት እኮ! ሚዜዋ እኔ ልሁን?»

መካድ አማረኝ። ግን ልጄ እንጀራዋን ልታጣ ነው። እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። «እኔ ነኝ። ኢንጂነሯ አታውቅም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

ምሕረት ዳንቴሉን ከሴንሰሯ ላይ ገፈፈች። «በካይዘን ‹ማን› አንልም፤ ‹ለምን› ነው የምንለው። ወይዘሮ ድንቅነሽ፣ ለምን አለበሷት?»

«አቧራ እንዳይነካት።»

«እዚህ ጋ አቧራ ለምን በዛ?»

ፍርሃቴ እዚህ ላይ ለቀቀኝ። ይህንንማ አውቃለሁ! «ዱቄቱ ወደ ከረጢት የሚወርድበት የጨርቅ እጅጌ ስፌቱ ተተርትሯል።»

«ለምን ተተረተረ?»

«የያዘው ቀለበት ተንጋዶ እየፈገፈገው ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልታወቀም?»

የምጠርግበትን ጨርቅ ከኪሴ አወጣሁ። አየሁት።

«እኔ ስለምጠርገው» አልኩ በመጨረሻ። «ችግሩ ብቅ ባለ ቁጥር እጠርገዋለሁ። ሰው እንዳያየው ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ምሕረት የሰሞኑን መዝገብ ስክሪኑ ላይ ከፈተች። ቀይ ነጥብ፣ ቀይ ነጥብ፣ ቀይ ነጥብ። «መስመሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቆም ነበር፤ ምክንያቱን አላወቅንም ነበር» አለች።

እነዚያ ቀዮች በሙሉ እኔ ነበርኩ! ጨርቄን ይዤ! ንጹሕ ነኝ ብዬ እየኮራሁ!

ግን እሷን ብታዩዋት! ልጄ አላፈረችብኝም። ቴክኒሻኑ ቀለበቱን አቃና፣ እጅጌውን እዚያው መርፌ ይዤ የሰፋሁት እኔ ነኝ። መስመሩ ተነሳ፤ ቆጠረ። ቆመ፤ ቀይ ሆነ። ቁጥሩም ጸጥ!

መነጽር ያደረጉት ሴትዮ «ማሽኑ ያላየውን እኚህ ሴት አይተዋል፤ እሳቸው የሸፈኑትን ደግሞ ማሽኑ ገልጦታል» አሉና ወደ አቶ ነስሩ ዞሩ። «ይገጠም።»

እልል አልኩ። ታደለችም አገዘችኝ። ካይዘን እልልታን አይከለክልም፤ አይቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ምሕረት ቢሮ አስጠራችኝ። ወንበር አላት! ወረቀት አቀበለችኝና «ቀስ ብለው ያንብቡት» አለች።

ማስጠንቀቂያ ነው። የጽሑፍ! «ለወይዘሮ ድንቅነሽ፦ ያለ ፈቃድ በመሣሪያዎች ላይ ምንም ዓይነት ልብስ እንዳያደርጉ።»

በገዛ ልጄ!

ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ማኅተም። ፊርማዋ። ከፊርማዋ ሥር «የምርት ማሻሻያ ክፍል ኃላፊ» ይላል። «በኮንትራት» የሚል ቃል ፈለግኩ፤ ሁለቴ ፈለግኩ። የለም።

ደርሶኛል ብዬ ፈረምኩ። ከሥራ ስወጣ በባጃጅ ከተማ ወርጄ በፕላስቲክ ላሚኔት አስደረግኩት። አሁን ሳሎን ተሰቅሏል፤ ጎረቤት እየገባ እያነበበ ነው።

እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፦ ልጇ በደብዳቤ ያስጠነቀቀቻትና ደብዳቤውን ለእንግዳ የምታስነብብ እናት እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ሌላም አለች?