ከሐጂ ሳጥን የፈሰሰው ስም

ሰው ሁሉ የድሬዳዋን ሙቀት ያማል። እኔ ግን አላማውም፤ ኮምፒዩተር ያስተማረኝ እሱ ነው። እንዴት አትሉኝም? በደርግ ጊዜ እሠራበት በነበረው ፋብሪካ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ክፍል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የኮምፒዩተሩ ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጁ እንኳ በጋዜጣ እያራገቡ ነበር የሚውሉት። ስለዚህ «ሲ የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ መማር የሚፈልግ ይመዝገብ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ሲ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ሮጬ ተመዘገብኩ። የአስተዳደር ክፍሉ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጣቴ ፈጣን ነው፣ ላቤ ደግሞ ከጣቴ ይፈጥናል።

አስተማሪያችን ጓድ መኮንን ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። መጀመሪያ ያስተማረን ጠቋሚ ስለሚባል ነገር ነው። «ጠቋሚ ዕቃውን አይዝም፤ ዕቃው ያለበትን ቦታ ነው የሚይዘው» አለን። ሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ያካሉ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ድሬ ላይ የቤት ቁጥር የሚነግርህ ሰው አለ እንዴ? «የደቻቱን ወንዝ ተሻገር፣ ዛፏ ጋ ስትደርስ ጠይቅ» ትባላለህ። ዛፏ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ከተጋደመበት ሳይነሳ በጣቱ ያሳይሃል። ጣቱ ቤት አይደለም፤ ቤቱ ያለበትን ነው የሚነግርህ። ቤቱ ፈርሶ ከሆነስ? ሰውዬው ያንኑ ጣት ይቀስራል፣ አንተ አሸዋ ላይ ቆመህ ትቀራለህ። ሲ ውስጥም እንዲህ ዓይነት ጣት አለ። ስሙ ጠፍቶብኛል፤ አሸዋውን ግን አልረሳሁትም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ቃል ነበር። አንድ ስም የሚቀመጥበት ሳጥን ታዘጋጃለህ፤ በውስጡ እንበልና ሃያ ክፍል አለው። በየክፍሉ አንድ ፊደል ትከታለህ፣ በመጨረሻው ላይ «ስሙ እዚህ አለቀ» የምትል ዜሮ ታስቀምጣለህ። ስለዚህ ቦታው ለአሥራ ዘጠኝ ፊደልና ለአንድ ዜሮ ነው። ሳጥኖቹ እንደ ሰፈራችን ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘዋል።

«ከሞላስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንተ ቀድመህ ለካ። ሲ አይለካልህም፣ አይነግርህምም» አለኝ።

ሳቄ መጣ። የኔ አሮጌ የጽሕፈት መኪና እንኳ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ቅጭል ትላለች! ይሄ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ቅምጥል ደወል የለውም? ብዬ ተሳለቅሁ። ይቺን ሳቄን ያዙልኝ።

ያን ሰሞን ፋብሪካው ለሠራተኞች አሥር ቤት አሠርቶ ነበር። ኮሚቴ ተቀምጦ አሥር ሰው መረጠ፣ እኔ ስምንተኛ ሆንኩ። ለኔ ይሄ ተራ ወሬ አልነበረም። ሂሩትን ለማግባት ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ስጠና ነበር። አባቷ ጋሽ ተክሌ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ያለ ቤት ልጄን አልሰጥም ብለዋል። ቤቶቹ ሲሠሩ ወስጄ ከሩቅ በጣቴ ባሳያቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ጣትህን አየሁት። ቁልፉስ?»

የአሥሩን ሰው ዝርዝር በኮምፒዩተር የማውጣት ሥራ ለእኛ ለተማሪዎቹ ተሰጠ፤ ስም የማስገባቱ ደግሞ ለኔ። ኮምፒዩተሩ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ በፈረንጅ ፊደል ነው። ሰባተኛው የሽመና ክፍሉ ፎርማን አብዱራህማን መሐመድ ናቸው። ስማቸው ልክ አሥራ ዘጠኝ ፊደል ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ልክክ አለ። ከጎናቸው እኔ፣ ተስፋዬ በቀለ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በማግስቱ ፎርማኑ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ቴምር ይዘው መጡ። ከመካ ከተመለሱ ሳምንት አልሞላቸውም። ዝርዝሩን አዩና፣ «አቦ ተስፋዬ፣ መካ ድረስ ሄጄ እዚህ ወረቀት ላይ ገና ድሬ ነኝ እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ። በእኛ ከተማ ሐጂን ያለ ሐጂ መጥራት ስድብ ባይሆንም ከስድብ ብዙ አይርቅም። ቴምሩን እያላመጥኩ «ሐጂ» የምትለዋን ከፊት ጨመርኩላቸው። ከነክፍት ቦታዋ አምስት ፊደል ናት። ለካሁ? ቴምር አፉ ውስጥ ያለ ሰው ምን ይለካል!

ዝርዝሩ ታተመ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ፈርመው ማኅተም አሳረፉበት፣ ተለጠፈ። ሄጄ አነበብኩ። ሰባተኛ፣ ሐጂ አብዱራህማን መሐመድ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ስምንተኛ፣ «ምመድ»።

ምመድ ማነው?

ጓድ መኮንን አንዴ አየና ራሱን ያዘ። የሐጂ ስም ሞልቶ ከ«መሐመድ» ጭራ አራት የፈረንጅ ፊደልና ዜሮዋ ወደ ጎረቤት ሳጥን ፈስሰዋል። ጎረቤቱ እኔ ነኝ። የስሜን መጀመሪያ ደፍጥጠው፣ «እዚህ አለቀ» የምትለዋን ዜሮ ጉሮሮዬ ላይ ተክለውብኛል። ጓድ መኮንን ጠቋሚውን አምስት ክፍል ወደፊት ገፋ አድርጎ ከዜሮዋ ጀርባ የተደበቀውን አወጣልኝ፤ «ዬ በቀለ» ይላል። ከኔ የተረፈው አንድ «ዬ» እና አባቴ ናቸው።

ይህን ማስረጃ ይዘን ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባን። ጠቋሚ፣ ሳጥን፣ ዜሮ እያልን አስረዳን። በትዕግሥት ሰሙንና፣ «ጓዶች፣ ማኅተም አርፎበታል። ቤቱ የምመድ ነው። ምመድ ይምጣና ይፈርም» አሉ። ምን ላድርግ? ምመድ ብዬ ፈረምኩ፣ ቁልፉን ተረከብኩ፣ ወደ ጋሽ ተክሌ በረርኩ።

ጋሽ ተክሌ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡ። «ቁልፉ ደግ ነው። ግን ልጄን የጠየቀኝ ተስፋዬ ነው፣ ቤቱ የምመድ። ከሁለት አንዳችሁ ትቀራላችሁ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። አለቀሰ ብትሉኝ አልክድም።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ጋሽ ተክሌ ቤት ሄዱ። «ተክሌ፣ ወላሂ ከመካ መጥቼ አልዋሽህም። ምመድ ከኔ ስም የወጣ ነው። ከኔ ስም የወጣ ልጄ ነው። ልጅህን ለልጄ ስጠኝ!» አሏቸው። ጋሽ ተክሌ መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ሰርጉ በወሩ ሆነ፤ በአባትነት ከጎኔ የቆሙትም ሐጂ ናቸው።

ዛሬ እኔም ጀማሪዎችን ሲ አስተምራለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ሳጥኑን ለኩ እያልኩ ጠረጴዛ እደበድባለሁ፣ እነሱም ደብተራቸው ላይ ያሰምሩበታል። ባለፈው አንዷ እጇን አውጥታ፣ «ሳንለካ ብንጽፍና ቢፈስ ምን ይከተላል?» አለችኝ።

«ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ይበላሻል» አልኳት። «አንዳንዴ ግን ይዳራል።»