የኧርሉና የባልደረቦቻቸው አቀባበል

ከአዳማ በስተደቡብ፣ ሐይቅ ዳር በተቆረቆረች የስምጥ ሸለቆ ከተማ፣ ስሙን ለክብሩ ሲባል የማንጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። ኃላፊው አቶ ጋዲሳ ቸልተኝነትን አጥብቀው የሚጠየፉ ሰው ናቸው። ስለዚህ አንድ አስጎብኚ ደውሎ፣ «የኦስብሪጅ ኧርል፣ ቫይካውንት ታርንሊ፣ ባሮን ስቴሊንግ ነገ ከእንግሊዝ ይገባሉ» ባለ ጊዜ፣ ስልኩን ሳይዘጉ ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሦስቱም የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረጎች ናቸው። አማርኛችን ለአንድ ትልቅ ሰውም ለሦስት ሰዎችም ያው «ይገባሉ» ነውና፣ ሦስት ወንበር፣ ሦስት እቅፍ አበባና ሦስት ያጌጠ ጋሪ ተዘጋጀ።

በማግስቱ ከሚኒባስ የወረዱት ግን ትንሽ የተቀረጸ ድንጋይ የታቀፉ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

«ሌሎቹስ?» አሉ አቶ ጋዲሳ፣ ለአስተርጓሚዋ ለመምህርት ፎዚያ።

«ብቻዬን ነኝ ይላሉ።»

«ኧርሉን አየናቸው። ቫይካውንቱስ?»

«እሱም እኔው ነኝ ይላሉ።»

«ባሮኑ?»

«እሱንም ደርበው ይዘውታል።»

ፕሮግራሙ አንዴ ጸድቋል። በመሆኑም ኧርሉ በሦስቱም ወንበሮች ተራ በተራ እንዲቀመጡ ተደርጎ በየወንበሩ ተጨበጨበላቸው። ቀጥሎ የቤተሰባቸውን ገድል እንዲያወሱ ተጋበዙ።

«የመጀመሪያው አያታችን ባሮን የተባለው፣ ወንዝ ውስጥ የወደቀውን የንጉሡን ሰው ሠራሽ ጸጉር ዋኝቶ ስላወጣ ነው» አሉ ሽማግሌው። «የልጅ ልጁ በምክር ቤት ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ተቀምጦ ቫይካውንት ሆነ። የእሱ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ተነስቶ ‹እስማማለሁ› አለና ኧርል ተባለ።»

አቶ ጋዲሳ ልባቸው ተነካ። እንዲህ ያለ የሥራ አፈጻጸም ለሁሉም ሠራተኛ በሥልጠና መልክ እንዲሰጥ እዚያው መመሪያ አስተላለፉ።

ሽማግሌው የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ። ታናሽ ወንድማቸው የሐይቁን ወፎች ሊያጠና መጥቶ በወባ ሞቶ እዚሁ ዳርቻው ላይ ተቀብሯል፤ ስሙ የተቀረጸበትን ድንጋይ ሊያቆሙለት ነው።

«ቅዱስ ሐሳብ ነው» አሉ አቶ ጋዲሳ። «እንደ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ፈቅጃለሁ። ግን የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢም መፍቀድ አለባቸው።»

«የት አገኛቸዋለሁ?»

«እኔው ነኝ። ሆኖም ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ ነው።»

«እኔ ነገ ተመላሽ ነኝ። ለማን አቤት ልበል?»

«ለቅሬታ ሰሚው። እሱንም ደርቤ ይዤዋለሁ። ግን ሰብሳቢው ሳይወስኑ ቅሬታ አልቀበልም።»

ኧርሉ ድንጋዩን በክንዳቸው አስተካክለው ታቀፉ። «የእኛ ቤተሰብ አንድን ሰው ሦስት ለማድረግ መቶ ዓመት ፈጅቶበታል። እርስዎ በስንት ጊዜ ቻሉት?»

«ከሰኔ ወዲህ ነው» አሉ አቶ ጋዲሳ፣ አንገታቸውን በትሕትና ደፍተው።

ሽማግሌው ድንጋያቸውን እንደታቀፉ ወጡ። ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን ያየችው ፎዚያ ብቻ ነበረች። ካጌጡት ጋሪዎች ያንዱን ባለቤት ጫምሳን ጠርታ ነገሩን በኦሮምኛ ነገረችው።

«ኮታ፣ ይምጡ አባባ፣ ይውጡ» አለ ጫምሳ፣ እጃቸውን ይዞ ጋሪው ላይ እየደገፋቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱ ተጋግዘው ድንጋዩን አቆሙት። ሽማግሌው አጠገቡ ተንበርክከው ወንድማቸውን በልጅነት ስሙ ጠሩት። ማዕረግ አልነበረውም።

በወሩ መጨረሻ የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ ያለፈቃድ የቆመውን ድንጋይ ደርሰውበት፣ ቸልተኛ ለሆኑት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከባድ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ኃላፊው ተቀይመው ለቅሬታ ሰሚው አቤት አሉ። ቅሬታ ሰሚው አስተዋይ ሰው ናቸውና ቢሯቸውን ዘግተው ሁለቱን አስታረቁ። ሦስቱም እየተላቀሱ ተቃቅፈዋል ይባላል።