ክቡር ሎርን በራሱ ላይ የዘጋው በር

ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። ከወንበሩ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ ነው። ማውስ ጠረጴዛው ላይ ካገኘ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተበላሽቶ «ሄደህ እየው» ስትሉት የሰደባችሁት ያህል ቀና ብሎ ያያችኋል።

«ለምን እሄዳለሁ? ከዚሁ ሆኜ።»

የኛው ክቡር ሎርን ኮዋልቹክ ይባላል። መሥሪያ ቤታችን ሳስካቸዋን በሚባል በረዷማ ክፍለ ሀገር ውስጥ ለአሥራ አራት ትንንሽ ከተሞች ውሃ ያድላል። በየከተማው አንድ የፓምፕ ቤት አለ፤ በየፓምፕ ቤቱ አንድ ኮምፒውተር። ሎርን አሥራ አራቱንም በዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፈ ያስተዳድራል። ፓምፕ ያስነሳል፣ ያስተኛል፣ ይገሥጻል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዱንም በእግሩ ረግጦ አያውቅም። እኔ በወረቀት ላይ አለቃው ነኝ። ወረቀቱን ግን እሱ ያየው አይመስለኝም።

ሁለተኛው የዘወትር ቃሉ «ይህን በር ማን ከፈተው?» ነው። በር የሚለው ሰው የሚገባበትን አይደለም፤ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበትን መስመር ነው። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጃችን ሚስተር ፕሩዶም በድሮው መንገድ፣ የይለፍ ቃል ራቁቱን በሚሄድበት መስመር፣ የፓምፖቹን ሁኔታ ሲያይ ከረመ። ሎርን እንዲተው ሦስት ደብዳቤ ጻፈለት። ሚስተር ፕሩዶም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በአራተኛው ሳምንት ስብሰባ ላይ ሎርን አንዲት የታጠፈች ወረቀት በጠረጴዛው ላይ አንሸራቶ ሰጠው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የይለፍ ቃልዎ ነው። መስመር ላይ ወድቆ አገኘሁት።»

የውሻው ስምና የልደት ዓመቱ ነበር። የውሻው ልደት። ሚስተር ፕሩዶም ሁለት ቀን ሙሉ ማንንም ሰላም አላለም። በዚያው ሳምንት የድሮው መንገድ በአሥራ አራቱም ከተሞች ተዘጋ፤ በምትኩ ሁሉን ነገር በምስጢር ጽሑፍ የሚያሳልፍ አዲስ መንገድ ተከፈተ። ለኔም ከአንድ ገጽ የሚረዝም፣ በፊደልና በቁጥር የተሰገሰገ የኮምፒውተር ቁልፍ ተሰጠኝ፤ ለሰው አታሳዪ፣ በኢሜይል አትላኪ፣ ከተቻለም አታስቢው ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር።

የሎርን ሚስት አይሪን፣ ባሏ ምድር ቤት ሆኖ የወጥ ቤቱን መብራት ትእዛዝ እየጻፈ እንደሚያጠፋባት ነግራኛለች። «አንድ ቀን እኔንም ያጠፋኛል» አለች።

እንግዲህ በሚያዝያ ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ የማይታወቁ ሰዎች የቶርቫልድን ፓምፕ ቤት ማንኳኳት ጀመሩ። ቶርቫልድ ሦስት መቶ ሰማንያ ሰው የሚኖርባት፣ አይስላንዳውያን የቆረቆሯት ከተማ ናት። ሰርጎ ገቦቹ በደቂቃ ሁለት መቶ የይለፍ ቃል ይሞክራሉ። ሎርን ጣቱን አፍታታ። በኮምፒውተሩ መግቢያ ላይ ያለውን አጥር ሊያጠብቅ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ፣ እንደ ልማዱም በቋሚነት እንዲቀመጥ አዘዘና የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነ።

ስክሪኑ ደርቆ ቀረ።

ሎርን ጠበቀ። እንደገና ሞከረ። ገመዱን ነካካ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ሁሉንም ከልክል ብዬዋለሁ።»

«ጥሩ ነዋ!»

«ፈርን» አለኝ በስሜ፣ «እኔም እኮ ሁሉም ውስጥ ነኝ።»

ሰርጎ ገቦቹንም፣ ራሱንም፣ የከተማዋ የውሃ ታንከር ለፓምፑ የሚልከውን ወሬም አንድ ላይ ዘግቷል። ፓምፑ ታንከሩ መጉደሉን ካልሰማ አይነሳም፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ለስድስት ሰዓት ብቻ የሚበቃ ነው። አጥፍቶ ማብራት አይፈታውም፤ ትእዛዙ ቋሚ ነው። የከተማዋ ፓምፕ ጠባቂ ለዓይን ሕክምና ሳስካቱን ከተማ ሄዷል። በእጅ የሚሠራውን ማብሪያ ከአራት ዓመት በፊት ለደህንነት ሲባል ያስነቀለው ማን እንደሆነ መቼም መናገር አያስፈልገኝም።

«ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለ ድምፁ ሰልሎ።

«ሁለት መቶ ዘጠና። ኮትህን አምጣ።»

መኪናውን እኔ ነዳሁ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት የጥርስ ሐኪም ዘንድ እንደሚሄድ ሰው ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ስለ ቶርቫልድ ያወራ ጀመር። በቴሌቪዥን የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታ ባለበት ምሽት፣ በየዕረፍቱ፣ ከተማው ሁሉ አንድ ላይ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ነገረኝ። ቅዳሜ የሚታጠበው ከእሑድ ይበልጣል። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ አንድ ሐሙስ ቀን በየቤቱ ውሃ የሚቀዳ ጠፍቶ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ብቻ ሲጠቀም ዋለ።

«ቀብር ነበር» አለ። «ትልቅ ቀብር።»

«ይሄን ሁሉ ከቁጥር ነው የምታውቀው?»

«ከምን ላውቀው ኖሯል?»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረስን። የፓምፕ ቤቱ የበር ቁልፍ ያለው ወይዘሮ ጉድሩን ሃልሰን ከሚባሉ የሰማንያ ዓመት ጎረቤት ዘንድ ነበር። የጎማ ቦት ጫማ አድርገው ደጅ ቆመው ጠበቁን። ሎርንን ከእግር እስከ ራሱ ካዩት በኋላ «ውሃችንን የያዝከው አንተ ነህ?» አሉ።

«ለጊዜው ነው እመቤቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሎርን ፓምፕ ቤቱ ገብቶ ኪቦርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። ሦስት መስመር ጻፈ። ፓምፑ አጉረመረመና ተነሳ። ሎርን ወደ ኋላ ዘለለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዘዘውን ነገር ድምፁን ገና አሁን መስማቱ ነው። ሊነካው እጁን ዘረጋና ፈራ። ቀጥሎ ሰርጎ ገቦቹን ብቻ የሚከለክል ትእዛዝ ጻፈ፤ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ለኔም አስነበበኝ።

ሥራው አልቆ እንሂድ ስለው ከቦታው ንቅንቅ አልል አለ።

«ወይዘሮ ጉድሩን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለ። «በረዶ በሚሆንበት ወራት ሁሉ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አንድ ሰው ለአርባ ደቂቃ ብዙ ውሃ ይጠቀም ነበር። መጀመሪያ ቧንቧ የፈነዳ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳየው እሑድ እሑድ ያርፋል። የፈነዳ ቧንቧ ደግሞ እሑድን አያውቅም። ይኸው የካቲት ላይ ቆመ። ምን ሆኖ ነው?»



«ኤይናር ነው» አሉ። «ባለቤቴ። የከተማው ልጆች ጠዋት ጠዋት እንዲንሸራተቱበት ሜዳው ላይ ውሃ እያጠጣ በረዶ ያስይዝ ነበር። የካቲት ላይ አረፈ።»

«አዝናለሁ» አለ ሎርን። ከዚያ እንደ መናዘዝ ባለ ድምፅ «የውሃው ግፊት እንዳይወርድበት ብዬ ፓምፑን ሩብ ሰዓት ቀደም አድርጌ አስነሳለት ነበር» አለ። «ማንም አላዘዘኝም።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። አለቃው ነኝ እንግዲህ።

ወይዘሮ ጉድሩን ሎርንን ክንዱን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ከፕለም ማርማላታ ጋር የተነባበረ ኬክ ቆረሱልን። ሎርን ሦስት ቁራጭ በላ። የኤይናርን ረጅም የውሃ ማጠጫ ጎማ ከጋራዥ አውጥተው አሳዩት፤ እንዴት ተጠቅልሎ እንደሚቀመጥ፣ ውሃው በስሱ እንጂ በአንድ ጊዜ እንደማይፈስ አስረዱት። ለፓምፕ ካደረገው የበለጠ በጥሞና አዳመጠ። በመልስ መንገድ ላይ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን «ለከርሞ ሜዳውን ማን ያጠጣዋል?» አለኝ። 

ታኅሣሥ ሲገባ የሁለት ቀን ፈቃድ መጠየቂያ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። ሎርን ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፤ ቅጹን ከየት እንዳገኘው እንጃ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ቶርቫልድ፣ የውሃ ጉዳይ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ «የበረዶ ጎማ ያለው መኪና ታውሺኛለሽ?» የሚል አለ።

ፈረምኩለት። የመኪናዬንም ቁልፍ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩለት።