ክቡር ጥርጣሬ እና ሁለተኛዋ ኮከብ

ደስታ ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ተጠራጣሪ አይጠፋም። ልጁ ፈተና አለፈ ሲባል «ውጤቱን በዓይናችሁ አያችሁት?» የሚል አጎት፣ ሙሽራዋ አማረባት ሲባል «መብራቱ ይሆናል» የምትል አክስት አትጠፋችሁም። እኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ክቡር ጥርጣሬ ብለን የምንጠራቸው አዛውንት አሉን።

ሥራችን የተራራቁ ቴሌስኮፖች የሰበሰቡትን ብርሃን አገናኝቶ እንደ አንድ ግዙፍ ዓይን እንዲያዩ ማድረግ ነው። ክቡርነታቸው ብርሃኑ የሚያርፍበትን እያንዳንዱን መስታወት በኮምፒውተር ሞዴል ይሠራሉ፤ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢሞቅ፣ ቅንጣት ታህል ቢያዘነብል ምን እንደሚያሳየን ያሰላሉ። ልደታቸውን ልናከብር ኬክ ብንገዛ እንኳ «ቀኑን ማን አረጋገጠላችሁ?» አሉን።

አንድ ጊዜ፣ ለዓመታት ስናጠናት ከኖርናት ኮከብ ጎን ሌላ ትንሽ ኮከብ ብቅ አለች። የአለቃችን ዓይን እንባ አቀረረ። ጋዜጠኞች ተጠሩ። ክቡርነታቸው ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቆዩና፣

«ይቺ የሰማይ አትመስለኝም» አሉ።

«ታዲያ የማን ናት?» አለች አለቃችን።

«የእኛ። አንዱ መስታወት አዘንብሎ ይሆናል።»

«እባክዎ ጋሼ፣ ዛሬን እንኳ ይተዉን!»

አልተዉንም። ሞዴላቸው ውስጥ ብቻዋን የቆመች ኮከብ አስቀመጡ፤ መስታወቱን በጥቂቱ ቢያዘነብሉት ያቺው ትንሽ ኮከብ ጎኗ ቁጭ አለች። ቴክኒሻኖቹ ሄደው ሲፈትሹ መስታወቱ እውነትም አዘንብሏል። ሲስተካከል ኮከባችን እንደ ድሮዋ ብቸኛ ሆነች። የጋዜጠኞቹ ቀጠሮ ተሰረዘ፣ ቢሮው ለቅሶ ቤት መሰለ። ተሳሳቱ ያላቸው ሰው የለም፤ ምሳ አብሯቸው የበላም የለም።

«ይኸኔ ደስ ብሏቸዋል» ብዬ፣ ቂሜን እንደያዝኩ ክፍላቸው ገባሁ። የተሳሳተውን ምስል ከፍተው፣ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዩታል።

«እስካሁን አላጠፉትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔም እኮ እንድትኖር ፈልጌ ነበር» አሉኝ። «ከሁላችሁም በላይ ሳልፈልጋት አልቀርም። የፈራሁትም ለዚሁ ነው።»

 ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

በቅርቡ የራሴን የመጀመሪያ ምስል ጨረስኩ፤ አንዲት ያረጀች ኮከብ በአቧራ ቀለበት ተከብባ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ፣ አለቃችን አቀፈችኝ። እኔ ግን ለእናቴ እንኳ ሳልነግር ወደ ክቡርነታቸው ሄድኩ። መስታወት በመስታወት መረመሩት። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ቅር ያላቸው ይመስል፣ «ስህተት አጣሁበት» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ስልኬን አነሳሁ።

«እማዬ» አልኳት፣ «እውነት ነው!»