በበሩ አልወጣም ስላለች ሞተርና ስለ ሁለት ስንዝር የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ዕለት፦ ቅዳሜ፣ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት
ቦታ፦ ግቢያችን ውስጥ፣ ልጃችን ብረት የሚበይድበት ክፍል
ሰዓት፦ ለሦስት ተጠርቶ በያጁ «አሁን ጨረስኩ» ሲል ለአራት ሩብ ጉዳይ ተጀመረ

የተገኙ

1. ባለቤቴ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ሊቀመንበር (በቤት አንቺ፣ በቃለ ጉባኤ እርሳቸው)
2. የልጅ ልጃችን፣ ቀያሽ፣ የሞተሯ ባለቤት
3. ልጃችን፣ የቀያሿ አባት፣ ብረት በያጅ፤ ከእጁ ስፋት የተነሣ ሰፈሩ «አካፋው» የሚለው
4. ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ በታዛቢነት
5. እኔ አያትየው፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌለኝ

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰው አምስት፣ ወንበር አራት በመሆኑ ጸሐፊው የተገለበጠ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ጽፏል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ላይኛው ሳጥንና ስለ ጸሐፊው መቀመጫ

ቀያሿ ነገ ለሥራ የምትሄድበት ከተማ የጸሐፊው ታላቅ እህት የምትኖርበት ነው። ስለዚህ ከኋላ አፈናጥጣ ልትወስደው፣ በሳምንቱም ልትመልሰው ቃል ገብታለት ነበር። እህቱን ካየ አራት ዓመቱ ነው። አውቶቡስ ከቤቷ ርቆ ያወርዳል፤ የቀረውን ዳገት ደግሞ ጉልበቱ እምቢ ብሏል። ሞተር ግን ደጃፏ ድረስ ትገባለች።

በያጁ ባቀረበው ሪፖርት፣ የቀያሿን ልብስ የሚይዙትን አንድ የላይና ሁለት የጎን ሳጥኖች እንዲሸከም የተገዛው ፖርቶመጋላ ለሌላ ዓይነት ሞተር የተሠራ በመሆኑ የብረቱ ቀዳዳ ከሞተሯ ቀዳዳ አልገጥም እንዳለው፣ እሱም ወደ ፊት ስቦ እንደበየደው ገለጸ። ላይኛው ሳጥን የኋላ መቀመጫው ላይ ጉብ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው የት ይቀመጥ ተብሎ ሲጠየቅ፣ «አባዬ ቀጭን ነው፣ ጥጉ ይበቃዋል» አለ። ጥጉ ሲታይ ለድመት ይበቃል፤ እሷም ጭራዋን ካጠፈች ነው።

ሊቀመንበሯ፣ ሽማግሌን ሞተር ላይ ምን ሰቀለው የሚለውን የቆየ አቋማቸውን በድጋሚ አሰሙ። ጸሐፊው ድምፅ ስለሌለው ሳለ። ሳሉ ተቃውሞ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ አቧራ ነው ብሎ አስመዘገበ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ውሳኔ 1፦ ሳጥኑ ይሄዳል፤ ጸሐፊው ይቀራል። ለእህቱ ደብዳቤ ጽፎ በሳጥኑ ይልካል።

ደብዳቤው እዚያው ተጻፈ። አጭር ነው።

አጀንዳ 2፦ ስለ ስንዝር

ቀያሿ ለሙከራ ሞተሯን ወደ ውጭ ስትገፋ፣ የጎን ሳጥኖቹ ግራና ቀኝ መቃኑን ነክሰው ቆሙ። የሚከተለው ምልልስ ቃል በቃል ተይዟል።

«አባዬ፣ በስልክ በየጎኑ ሁለት ስንዝር ይውጣ አልነበር ያልኩህ?»
«ሁለት ስንዝር ነዋ!»
«በማን እጅ?»

ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ሳጥኑ ላይ ተለካኩ። የአካፋው ሁለት ስንዝር የቀያሿ ሦስት ሆነ። መሬት በሚሊሜትር የምትለካ ባለሙያ ለራሷ ሞተር ወደ ስንዝር መመለሷ በጸሐፊው ዘንድ ከፍ ያለ አድናቆት አትርፏል። እሷም፣ «አያቴ፣ ይሄንን እንዳትጽፈው» አለች። ተጽፏል።

ውሳኔ 2፦ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት «ስንዝር» ማለት የሊቀመንበሯ ስንዝር ነው።

አጀንዳ 3፦ ሞተሯ ስለምትወጣበት መንገድ

ሳጥኖቹ ይፈቱ የሚል ሐሳብ ቀረበ። በያጁ ቡሎን እንዳልተጠቀመ፣ «ቡሎን ይላላል፤ የእኔ ብየዳ ግን የዘላለም ነው» ሲል በኩራት አስረዳ። ቀጥሎ መቃኑ ይፍረስ አለ። ሊቀመንበሯ፣ «የማንን ግድግዳ?» ብለው ቢጠይቁም ሐሳቡ በሁለት ድምፅ ድጋፍ፣ በአንድ ድምፅ ተቃውሞ አለፈ። ጸሐፊው ሳለ።

ውሳኔ 3፦ በሩ ይሰፋል።

በያጁ መዶሻ ሲያነሣ ታዛቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «እኔ ቤት ኮት ከሰፋ ኮቱን አጠባለሁ እንጂ ደንበኛዬን አላወፍርም» አለና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካ፦ በሩ መቶ ሳንቲሜትር፣ ሞተሯ ከነሳጥኗ መቶ ሠላሳ ሦስት። ሜትር ይዞ ይህን ሁሉ ሰዓት ለምን ዝም እንዳለ በቁጣ ሲጠየቅ፣ «ታዛቢ ነህ አላላችሁኝም? ታዘብኳችሁ!» ሲል መልሷል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ጎረቤት አንገት ላይ የተንጠለጠለውማ ጭራሽ አይቆጠርም።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሯ የፊደል ግድፈት ሊያርሙ ደብዳቤውን ተቀበሉ። እንዲህ ይላል፦ «እህት ዓለም፣ ሳጥኑ መጥቶልሻል። እኔ ቦታ አልበቃኝም። ሞተሯን በመስኮት እንዳትጠብቂ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ምን እንደሆኑ ሲጠየቁ፣ አቧራ ነው ብለው አስመዘገቡ።

ውሳኔ 4፦ ውሳኔ 1፣ 2 እና 3 ተሽረዋል። ብረቱ በሙሉ ከነዘላለሙ ተቆርጦ ይነሣ። ሳጥኖቹ ለሊቀመንበሯ የጎመን ችግኝ ይሰጡ። የቀያሿ ልብስ በአንድ የጀርባ ቦርሳ ይሁን፤ ቦርሳውንም ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ይዘለው። በዚህ መሠረት ጸሐፊው ከነገ ጠዋት ጀምሮ ፖርቶመጋላ ሆኖ ተሹሟል። ሄልሜት ያደርጋል። ትከሻው በሜትር ተለክቶ አርባ አራት ሳንቲሜትር በመሆኑ በበሩ ያልፋል። በያጁም እንዳይበይደው በጥብቅ ተነግሮታል።

ስብሰባው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ፤ በያጁ መቁረጫውን ስላስነሣ ከዚያ በኋላ የተባለው ለጸሐፊው አልተሰማም፤ የሚፈልገውን ሰምቷል።

ደብዳቤው አልተቀደደም። ላኪው ራሱ ደጃፏ ድረስ ወስዶ፣ እህቱ ስታነበው አጠገቧ ቆሞ ይስላል።