የአስቴር ምጥ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምንል ሰዎች ነን። ይህን ተረት ጉልበቱን ላመመው ሽማግሌም፣ ጥርሱን ላመመው ጎረምሳም እንነግራለን። ሴት ልጅ ወገቤን፣ ሆዴን ያለች ዕለት ግን ተረቱን አጥፈን ኪሳችን እንከትና «ቻይው፣ የሴት ነገር ነው» እንላታለን። የሚያመው እሷን፣ ቻይነቷን የምናደንቅ እኛ። እኔ ደግሞ ከሃላሌ ገበያ ጎደሬ ተሸክሜ በመሸጥ ኑሮ የጀመርኩ ነጋዴ ነኝና ያልመዘንኩትን አላምንም። ሕመም ደግሞ ሚዛን ላይ አይወጣም።

ልጄ አስቴር ሶዶ ገበያ ዳር ዱንጉዛ ትሰፋለች፤ ያንን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ የወላይታ ልብስ። መስከረም መጥቶ የዘመን መለወጫችን የግፋታ በዓል ሲቃረብ ሰው ሁሉ አዲስ ዱንጉዛ ይሻል። የወገብና የሆድ ሕመሟም ይህንኑ የሚያውቅ ይመስል ሥራው ሲበረታ ጠልፎ ይጥላታል። ደንበኛውም ጨርቁን ይዞ ወደ ሌላ ሰፊ ይሄዳል። በመጨረሻ «ልጄ፣ ሱቁን እናከራየውና አንቺ ቤት ዕረፊ» አልኳት።

«የዘንድሮን ግፋታ ልሞክር፣ አባዬ። ካልሆነልኝ ቁልፉን ራሴ አመጣልሃለሁ።»

ሐኪም ቤት ሄዳ ስሙን ይዛ መጣች፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ እየበቀለ ነው አሉ የሚያሠቃያት። እኔ ስሙን ለመጥራት ምላሴ ተሳሰረ፤ እሷ ግን ከነሕመሙ ተሸክማው ኖራለች። መድኃኒት ታዘዘላት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ደግሞ እንቅስቃሴ አስተማረቻት፤ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት ማጠፍ፣ ሆድን እየነፉ በረጅሙ መተንፈስ፣ ወገብን ቀስ እያሉ ማፍታታት፣ ከዚያም በእግር መሄድ። «በሽታውን ነቅሎ አይጥለውም፤ ኑሮሽን ግን ሊመልስልሽ ይችላል» አለቻት። እኔማ ሳቅሁ። ተኝቶ የሚሠራ ስፖርት!

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ አበበች የእንሰት መፋቂያ ሊዋሱ ብቅ አሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። አስቴር ምንጣፍ ላይ ተንጋላ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን በረጅሙ ታወጣለች። እስቲ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያስቡ ነበር? እትዬ አበበች መፋቂያውን ረስተው እየሮጡ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዞ ግቢዬን ሞላው። አስቴር ባል እንደሌላት ደግሞ ሁሉም ያውቃል። እትዬ አበበች ወደ ጆሮዬ ተጠጉና፣

«አይቆጡ፣ ጋሼ! ልጁ በሰላም ይምጣ እንጂ አባቱን ኋላ እንፈልጋለን» አሉኝ።

«የምን ልጅ? ሆድ አይተውባታል?»

«ልብስ ሰፊ አይደለች እንዴ? በስፌት ደብቃው ነዋ!»

ጫጫታውን ሰምታ የወጣችው አስቴር ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ሕመሟን ከነስሙ፣ እንቅስቃሴውን ከነጥቅሙ፣ ሳታፍር አስረዳቻቸው። የእትዬ አበበች ልጅ ታደለች የያዘችውን ዱቄት መሬት አስቀመጠች።

«እኔንም እንዲያ ያደርገኛል። እናቴ ቻይው ስላለችኝ ነው ዝም ያልኩት።»

«እኔንስ?» አሉ እናትየው። «እኔንም እናቴ ናት ቻይው ያለችኝ!»

«ነገ ሐኪም ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት አስቴር ለታደለች። እትዬ አበበች ግን ነገን አልጠበቁም፤ ነጠላቸውን አደግድገው ምንጣፉ ላይ ዘፍ አሉ።

«በይ ንገሪኝ፣ ጉልበቱ የሚታጠፈው እንዲህ ነው?»

አስቴርን ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ክፉ ቀን ዛሬም አላት። ግን ከስፌት መኪናዋ እየተነሳች ወገቧን ታፍታታለች፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ተመልሳ ትሰፋለች። ግፋታ ሲደርስ ከእጇ ወደ ሌላ ሰፊ የሄደ ጨርቅ አልነበረም። አደባባዩ በዱንጉዛ ደምቆ፣ እሷም እዚያ መሃል ገብታ ስትጨፍር አየኋት። ያቺ መስከረም በመጣ ቁጥር ግድግዳ ይዛ የምትሄድ ልጅ!

እኔ? እኔማ አሮጌ ኮቴን ለብሼ ዳር ቆሜያለሁ። ለራሴ አዲስ ዱንጉዛ እንድትሰፋልኝ ብጠይቃት፣ «አባዬ፣ ቀድመውህ ያዘዙ አሉ፤ ተራህን ጠብቅ» ብላኝ ነበር። ግፋታ አለፈ፤ ተራዬ ገና ነው። በሕይወቴ ወረፋ አስይዞ እንዲህ ያኮራኝ ሰው የለም።